ከደጃፍ እስከ ምንጭ

በአጋም ዋሻ መንደር ሰው ሲጣላ የምንጠራው ሽማግሌዎች ሦስት ነን፦ አያ ዘውዱ፣ ቄስ ሙላቴና እኔ። አያ ዘውዱ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው። ከጉና ሥር እስከ አስፋልቱ ድረስ ያልለዩት ድንበር፣ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ቄስ ሙላቴ መስቀላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ብዙ አይናገሩም። እኔ መምህር ንብረት ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው። ሽምግልና የገባሁት ጥበብ ኖሮኝ እንዳይመስላችሁ። የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው። ዛሬ ፍርድ ቤት የሽማግሌ ቃል ብቻውን አይበቃውም፣ ወረቀት ይፈልጋል። ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነኝ።

የምነግራችሁ ግን ስለ አሰለፈች ነው። ስለ እሷ አፌን ሞልቼ መናገር ያሳፍረኛል። ሆኖም ሌላ የሚጽፍላት ሰው የለም።

አሰለፈች የመጣችው ከአንበሳሜ በኩል ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ለሙሉሰው ተዳረችና በበቅሎ ተጭና ወደ እኛ ደጋ ወጣች። የጉናን ብርድ ለመልመድ ሦስት ክረምት እንደፈጀባት እየሳቀች ታወራ ነበር። ሙሉሰው ያኔ ጥንድ በሬ ያለው፣ ሥራ የማይፈራ ጎበዝ ነበር። ገብሱን፣ ድንቹን፣ በጉን አብረው አፈሩት፤ የሣር ክዳኑን ቤት በቆርቆሮ ቀየሩት። ሁለት ልጅ ወልዳ ሁለቱንም ቀበረች። ሦስተኛዋ ፋሲካ ተረፈችላት። እሷንም በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ያዛትና ነፍሷን ትቶ ዐይኗን ወሰደው። ደብረ ታቦር ወሰዷት፤ ጠበልም አስገቧት። ብርሃኗ ሳይመለስ ቀረ።

ልጅቷ ሰባት ዓመት ሲሞላት አሰለፈች እጇን ይዛ እኔ ዘንድ፣ ትምህርት ቤት አመጣቻት። የመስከረም ምዝገባ ነበር፤ ሰዉ ተሰልፏል፣ እኔም ትዕግሥቴ አልቋል።

«መምህር፣ ይችን ልጅ ይመዝግቡልኝ» አለች።

«የማታይ ልጅ ምን አድርጌ ላስተምራት? ሰሌዳውን በምን ልታየው ነው?» አልኳት።

«ጆሮዋ እኮ ደህና ነው» አለች።

እኔ መዝገቡን ወደሚቀጥለው ሰው አዞርኩት። እሷ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ልጅቷን ይዛ ሄደች። ያን ቀን ጥፋት የሠራሁ አልመሰለኝም ነበር። እንዲያውም ለልጅቷ አዝኜላት ስለነበር ራሴን ደግ ሰው አድርጌ ነበር የማየው።

አሰለፈች በዚያው ሳምንት ከወንዝ ጠፍጣፋ ድንጋይ በጀርባዋ ማመላለስ ጀመረች። ምንጩ ከቤታቸው ግቢ ታችኛው ጫፍ ላይ ነው። ከዓለት ሥር ይወጣል፤ በእንጨት አሸንዳ ተመርቶ ድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይወርዳል፤ ክረምት ከበጋ አይደርቅም። እሷ ከደጃፉ እስከ ምንጩ ድንጋዩን አንድ በአንድ ደረደረችው። ከምንጩ ወደ በረቱ፣ ከበረቱ ወደ ድንቹ ጓሮ እንዲሁ አደረገች። ከደጃፍ እስከ ምንጭ አርባ ሁለት እርምጃ እንደሆነ ቆጥራ ለሰው ሁሉ ትናገር ነበር። ልጅቷን ድንጋዩ ላይ አቁማ ወደፊትና ወደኋላ ስታስኬዳት አንድ ክረምት ከረመች።

ፋሲካ አሥር ዓመት ሳይሞላት ጀሪካኗን አንጠልጥላ ብቻዋን ውሃ ትቀዳ ጀመር። ጊደር ታስራለች፣ ድንች ትኮተኩታለች፣ ገብስ ታበጥራለች። አጥሩ ውስጥ ሳለች የማያውቃት እንግዳ ዐይነ ስውር መሆኗን ሳይጠረጥር ሰላም ብሏት ያልፍ ነበር። ከአጥሩ ከወጣች ግን ሌላ ሰው ነበረች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ አንገቷን አቀርቅራ፣ እግሯን እየጎተተች ነው። ሰውም «ምስኪን» ይላታል። ምስኪን የምትባለው ከአጥሩ ውጭ ብቻ ነበር።

ስለ አሰለፈች ሌላ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ይህች ሴት መዋሸት አትችልም። አንድ ጊዜ ከገበያ ስትመለስ የሰው በግ ከበጎቿ ተደባልቆ ቤቷ ገባ። በማግስቱ በጉን በገመድ እየጎተተች የግማሽ ቀን መንገድ ሄዳ ባለቤቱን ፈልጋ ሰጠችው። ሙሉሰው ስለዚህ ነገር በየድግሱ ያፌዝባት ነበር። «የኔ ሚስት ሌባ ቢመጣባት መቁጠሪያ ሰጥታ ቁጠር ትለዋለች» ይላል። እኛም አብረነው እንስቅ ነበር።

ሙሉሰው ውሎ አድሮ እብናት እየወረደ እህልና ከብት መነገድ ጀመረ። አንድ ሳምንት ሰንብቶ ይመጣል፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት፤ ከዚያ ወር። እብናት ሌላ ሴት እንዳለችውና ሁለት ልጅ እንደወለደችለት አገሩ ሁሉ ካወቀ በኋላ አሰለፈች ለቅሶ ቤት ሰማች። አልጮኸችም፣ ፀጉሯንም አልነጨችም። በማግስቱ አያ ዘውዱ ደጃፍ ሄዳ ቆመች።

እኛ እንደ ወጉ መጀመሪያ ለማስታረቅ ነው የተቀመጥነው። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር ሦስት ጊዜ አስቀመጥናቸው። በሦስተኛው ቀን አያ ዘውዱ «ልጄ፣ ወንድ ልጅ ይሳሳታል። ለእኛ ስትይ ይቅር በይው» አሏት።

«ይቅርማ ብየዋለሁ አባቴ። መንገድ ላይ ባገኘው ሰላምታ አልነፍገውም። አብሬው ግን አልኖርም። በሰላም አፋቱኝ።»

ሙሉሰው መሬቱን በበትሩ እየጫረ «እሷ ካለች ይሁን» አለ። ሃያ ስድስት ዓመት የቆየ ትዳር በዚህ አለቀ።

አሁን ንብረቱን መከፋፈል ቀረ። በእኛ አገር ሽማግሌ ንብረት ሲያካፍል አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ይመርጣል። የከፈለ አይመርጥም፤ የመረጠ ደግሞ ለምን መረጥክ አይባልም። የሚከፍለው ሰው የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ እኩል አድርጎ እንዲከፍል ይገደዳል። ሙሉሰው «እሷ ትክፈል፤ የቤቱን ነገር ከእኔ በላይ ታውቀዋለች» አለ። እሷም እሺ አለች። ሁለቱም በመሐላ ታሰሩ።

ሌላም ወግ አለን፤ «ሆድ ማራገፍ» እንለዋለን። ሽምግልናው አልቆ፣ ሁሉም የሚደርሰውን ካወቀ በኋላ፣ ሊመረቅ ሲል ትልቁ ሽማግሌ ሁለቱንም በየተራ «በሆድህ የቀረ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ቄሱ መስቀል ይዘረጋሉ፤ የተጠየቀው ሰው መስቀሉን ተሳልሞ ያለውን ሁሉ ያወጣል። ቂም ይሁን፣ ተንኮል ይሁን፣ ያወጣዋል። የወጣው ነገር ውሳኔውን አያፈርሰውም፤ ይቅር ይባልና ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለዚህ ነው ጥያቄው መጨረሻ ላይ የሚመጣው። እኔ ይህን ቢያንስ ሃያ ጊዜ አይቻለሁ። አላውቅም ብዬ ማምለጥ አልችልም።

አሰለፈች ለመክፈል ሦስት ቀን ወሰደች። በአራተኛው ቀን፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ኮሶው ሥር ተሰብስበን የከፈለችውን ነገረችን። አንዱ ድርሻ ቤቱ ከነግቢው፣ የድንቹ ጓሮ፣ አንዲት ላምና አምስት በግ። ሌላው ድርሻ ሁለቱም የገብስ ማሳ፣ ላይኛው ማሳ ላይ ያለችው አሮጌ ጎጆ፣ ሁለቱ በሬ፣ በቅሎዋ፣ የቀሩት በጎች በሙሉና ለመቆረጥ የደረሰው ባሕር ዛፍ።

የተሰበሰበው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሁለተኛው ድርሻ እንደሚበልጥ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ሙሉሰው እብናት ቤት አለው፤ እሱ የሚፈልገው በሬና ባሕር ዛፍ ነው። አያ ዘውዱ ገብቷቸው ፂማቸውን እያሻሹ ፈገግ አሉ። እኔም ገብቶኝ ነበር። ሴትዮዋ ሁለተኛውን ያበዛችው ሙሉሰው እንዲወስደው ነው። እሷ የምትፈልገው ቤቱን፣ ግቢውንና እነዚያን ድንጋዮች ነው፤ ፋሲካ በእግሯ የምትሄድበትን ብቸኛ ቦታ። በሕይወቷ የሠራችው ተንኮል ይህ ብቻ ነው። እንዲሳካላት ከልቤ ተመኝቼ ነበር፤ ይህንንም እመኑኝ።

አያ ዘውዱ ሙሉሰውን ይዘው ማሳውንና ዛፉን አሳይተውት ተመለሱ። ዳገት ስለወጡ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሙሉሰው ምርጫውን ገና አልተናገረም፤ ቆሞ ሣር እያኘከ ነው፤ ፊቱ ላይ ደስታ ይታየኝ ነበር። አሰለፈች ከፊታችን ተቀምጣለች። ፋሲካ ከጎኗ የነጠላዋን ጫፍ ይዛለች።

እኔ ጉልበቴ ላይ ወረቀት ዘርግቻለሁ። ከደብረ ታቦር የስምምነት ናሙና አምጥቼ ነበርና እሱን ነበር የምከተለው። የናሙናው አንደኛ ተራ ቁጥር «ተስማሚ ወገኖች አንዱ ከሌላው የደበቁት ነገር እንደሌለ አረጋግጠዋል» ይላል። ክፍፍሉ የሚመጣው በተራ ቁጥር ሦስት ነው። እኔ ደግሞ ሥርዝ ድልዝ አልወድም። ሠላሳ አንድ ዓመት ልጆችን በሥርዝ ድልዝ ቀጥቻለሁ። አያ ዘውዱ እስኪያርፉ ድረስ አንደኛውን ልጨርሰው ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

«አሰለፈች፣ በሆድሽ የቀረ፣ ያልተናገርሽው ነገር አለ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አሁን ነው የሚጠይቁኝ መምህር?»

«አዎ፣ አሁን። ለወረቀቱ ነው።»

አያ ዘውዱ እጃቸውን አነሱ፤ አፋቸው ግን ገና ትንፋሽ አላገኘም። ቄስ ሙላቴ ጥያቄውን የለመዱት ስለሆነ ጊዜው የደረሰ መሰላቸው፤ መስቀላቸውን ዘረጉ። አሰለፈች መስቀሉን አየች፣ ከዚያ ልጇን አየች። «የለም» ብትል ኖሮ የሚከራከራት አልነበረም። ጎንበስ ብላ መስቀሉን ተሳለመች።

«አለ» አለች።

«የከፈልኩት እኩል አይደለም። ያኛውን ሆን ብዬ ነው ያበዛሁት። እሱን እንዲወስድልኝ ነው። ቤቱ እንዲቀርልኝ ብዬ ነው፤ ለፋሲካ ብዬ። ሌላ ቦታ መሄድ አትችልም። ይቅር በሉኝ።»

ሙሉሰው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «ሃያ ስድስት ዓመት እውነተኛ ሴት አግብቻለሁ እያልኩ ኖሬ!» አለ። «እኔን እንደ ከብት በሣር እያባበልሽ ልታስገቢኝ ነበር? ልጄንስ? ፋሲካ የኔ ልጅ አይደለችም? እኔ በሬ ይዤ ልውጣ፣ አንች ቤቴንም ልጄንም ይዘሽ ልትቀሪ?»

«ሙሉሰው» አሉ አያ ዘውዱ፣ አሁን ድምፃቸው መጣ፤ «ልጄ፣ አልሰማህም በል። በእኛ ሽበት ይዘንሃል። በሬህን ውሰድ።»

«ሰምቻለሁ እንጂ አባቴ። የመረጠ ለምን መረጥክ አይባልም ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ቤቱን መርጫለሁ።»

እኔ ዘልዬ ገባሁ። «ክፍፍሉ እኩል ካልሆነ እንደገና ይከፈል» አልኩ።

«ያታለለችው እሷ፣ የሚጎዳው እኔ? በምን ሕግ መምህር? እኔ አልዋሸሁ፣ አልደበቅሁ። ይልቅ ያነሰውን ነው የወሰድኩት!» አለ። ሰዉ አጉረመረመ፤ ግማሹ ራሱን ነቀነቀ። በወጉ ከሄድን ልክ ነው። አያ ዘውዱ ይህን ስላወቁ ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ሙሉሰው ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ለስለስ አደረገ። «ፋሲካን ማንም አያስወጣትም። ቤቷ ነው፤ እዚያው ትቀመጥ» አለ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ልጁን የሚወድ፣ ልቡ የቆሰለና እልኸኛ ሰው ነው። እልኹን የቀሰቀስኩበት እኔ ነኝ።

ፋሲካ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ ላይኛው ማሳ ላይ ድንጋይ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«የለም ልጄ። እሠራልሻለሁ። ልክ እንደ ታች ቤት አድርጌ እሠራልሻለሁ። እስከዚያ አባትሽ ጋ ቆይ።»

ወረቀቱን ጻፍኩት። አንድም ሥርዝ የለበትም። ሁለቱም በጣታቸው ፈረሙበት።

ስንበተን አያ ዘውዱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ እኔ መጡ። «ምነው ንብረት?» አሉኝ፤ መምህር እንኳ አላሉኝም። «ምን አስቸኮለህ?» ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንስተውብኝ አያውቁም። ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ።

መንገዱ ሰላም በሆነ ሳምንት ደብረ ታቦር ወርደን ስምምነቱን ፍርድ ቤት አስመዘገብን። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናቸው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡትና አሰለፈችን «በፈቃድሽ ነው?» አሏት። «በፈቃዴ ነው» አለች። ሙሉሰውን «አንተስ? የሚበልጠውን እኮ እሷ ነው የወሰደችው» አሉት። «አውቃለሁ» አለ። ዳኛዋ ወደ እኔ ዞረው የሴት መብት በዚህ መጠን የተጠበቀበት የሽማግሌ ስምምነት ብዙ እንደማያጋጥማቸው ነገሩኝ። ጽሑፌንም አመሰገኑ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

አገሩም እንዲሁ ነው ያለው። «አሰለፈች ታደለች! ሁለት በሬ፣ በቅሎ፣ ያን ሁሉ ባሕር ዛፍ!» ይላል በየገበያው። እሷ የበሬዎቹን ገመድ ይዛ፣ በበቅሎዋ ላይ ድስትና ቁርበት ጭና ወደ ላይኛው ማሳ ስትወጣ ያየ ሰው ሁሉ ቀንቶባታል። በሬዎቹ ለእሷ ምን ያደርጉላታል? በጥማድ የሚያርስላት ወንድ የለም፤ መሬቱን ምርቱን ለሚካፈላት እኩል አራሽ ሰጠች።

ላይኛው ማሳ ወደ ጉና ወገብ ጠጋ ያለ ነው። ነፋሱ ቀን ከሌት አያርፍም፤ ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ጎጆዋ በፊት የበግ ማደሪያ ነበረች። አሰለፈች ባሕር ዛፉን አስቆርጣ ግድግዳውን አደሰች፤ ደጃፉን ልክ እንደ ታችኛው ቤት ወደ ፀሐይ መውጫ አዞረችው። ከዚያ ድንጋይ ማመላለስ ጀመረች፤ በአርባ ሁለት ዓመቷ፣ ዳግመኛ፣ ከወንዝ፣ በዚያ ዳገት።

እኔም ሄድኩ። ሳትጠራኝ ሄድኩ። የደጃፏ አጥር ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«መምህር፣ ይግቡ እንጂ። ብርድ ይመታዎታል» አለች።

«ድንጋይ ላግዝሽ ነው የመጣሁት።»

«እሺ» አለች። ወቀሳ አልወጣትም፤ ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ። በጉልበቴ ሳይሆን በእልህ ነው የተሸከምኩት። ወገቤ እስኪቆረጥ ተሸክሜ ይቅርታ ለመንሁ፤ ማንን እንደምለምን እንኳ አላውቅም። በበጋው ሙሉ ሁለታችን ደረደርነው። እሷ ታችኛው ቤት ሄዳ የእያንዳንዱን ድንጋይ ርቀት በገመድ ለክታ ትመጣለች፤ እኔ እዘረጋለሁ። ምንጭ ስለሌለ በአርባ ሁለተኛው እርምጃ ላይ አንድ በርሜል አቆምን። ውሃውን በበቅሎዋ ከታች ወንዝ እያመጣች ትሞላዋለች። ስንጨርስ ከደጃፉ ተነስታ ዐይኗን ጨፍና ሄደች፣ ቆጠረች፣ እጇን ዘረጋች፤ በርሜሉን ነካች። በዚያ ዓመት ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የእብናቷ ሴት በጥር ከነልጆቿ ታችኛው ቤት ገብታለች። ለፋሲካ ክፉ አልሆነችባትም። ልጅቷ ግን በየገበያው ለሚወጣ ሰው «ለእማ ድንጋዩ አለቀ ወይ በሏት» እያለች ትልክ ነበር።

በዳግም ትንሣኤ ሙሉሰው ፈቀደና አሰለፈች ልጇን ልታመጣት ወረደች። ዳገቱን ሁለት ሰዓት በነጠላዋ ጫፍ እየመራች አወጣቻት። ፋሲካ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ሲደርሱ እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ እጠብቃቸው ነበር። በርሜሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አሰለፈች አጠገቡ አዲስ ጀሪካን አስቀምጣበታለች።

ደጃፉ ላይ አቆመቻትና የነጠላዋን ጫፍ ከእጇ አስለቀቀቻት። «በይ ልጄ» አለቻት። «ውሃ ቅጅልን።»

ፋሲካ እግሯን አነሳች። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ድንጋይ ሄደች። ከዚያ ዘገየች። አንገቷን ወደ ቀኝ አዘነበለች፣ ወደ ግራ አዘነበለች። አንድ እግሯ ከድንጋዩ ወጥቶ አፈር ረገጠ። ነፋሱ ጎጆዋን እያፏጨ ያልፋል። ልጅቷ እጇን ወደፊት ዘርግታ ቆመች።

«እማ፣ ውሃው የት ነው?»

«ከፊትሽ ነው። አርባ ሁለት ነው ልጄ። ቁጠሪ እንጂ።»

«ምን ልቁጠር?»

«እርምጃሽን። እንደ ታች ቤት።»

ፋሲካ ወደ እናቷ ድምፅ ዞረች። «እኔ እኮ እርምጃ ቆጥሬ አላውቅም እማ። ውሃው ሲወርድ እየሰማሁ ነበር የምሄደው። በረቱንም፣ ጓሮውንም የማውቀው ውሃው በየት በኩል እንደሚሰማኝ ነው። እዚህ አይሰማም።»

አሰለፈች ጎንበስ ብላ የደረደረችውን ድንጋይ በእጇ ነካችው። «ድንጋዩስ?» አለች።

«ድንጋዩማ ጭቃ እንዳይነካኝ መስሎኝ ነበር።»

ጆሮዋ እኮ ደህና ነው ብላኝ ነበር፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ የምዝገባው ሰልፍ ላይ ቆማ። ያን ጊዜ እኔ አልሰማኋትም። እሷም ራሷ ያለችውን ረስታ አሥራ ሁለት ዓመት በድንጋይ ስታምን ኖራለች። ተራራው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ አዎ፣ እንደ ሴት ልቅሶ ደረቴን ነው የመታሁት። ማንም ዞሮ አላየኝም።

አሰለፈች ሄዳ ልጇን አቀፈቻት። ቀሚሷ ላይ የነካውን አፈር አራገፈችላት፤ ጎጆ አስገብታ ዳቦ አበላቻት። «እዚህ ልቆይ?» አለቻት ፋሲካ። «እየመራሽኝ እኖራለሁ።» አሰለፈች ብዙ ሳትቆይ «አይሆንም» አለቻት።

ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ መልሳ ወሰደቻት። እኔም ከኋላቸው ወረድኩ። ታችኛው ቤት አጥር ጋ ስንደርስ የውሃው ድምፅ ተሰማ። ፋሲካ ቀና አለች፤ የነጠላውን ጫፍ ለቀቀች፤ በሩን በእጇ ገፍታ ገባችና ቀጥ ብላ ወደ ምንጩ ሄደች። ጀሪካኗን ከአሸንዳው ሥር ደግና ስትሞላ አየናት። አሰለፈች ከአጥሩ ውጭ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ለበሬዎቿ ሣር ማጨድ ነበረባትና ወደ ዳገቱ ተመለሰች።